ለሳንቲሞቹ ምራቂ

ነቀምቴ መናኸሪያ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠውን ሴት የከተማው ሰው ሁሉ አዴ ድርቤ ይላታል። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። አንቱ ሲሏት «የማን አሮጊት ልታደርጉኝ ነው?» ብላ ስለምትቆጣ እኔም እንደምጠራት አድርጌ እጽፋለሁ። ስለ እሷ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። በሦስተኛው ራሷ «እንደሆነው አድርገህ ጻፈው፤ ስሜንም አትደብቅ» አለችኝ።

ድርቤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ በአንገር ሸለቆ በነበረ የመንግሥት እርሻ፣ በሠራተኞች ምግብ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ መስኮት ላይ መቀመጥ ነበር። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ከአለቃው አንዲት ክብ ቆርቆሮ ይቀበላል። ቆርቆሮዋ ላይ «ም» የሚል ፊደል ተመትቶባታል፤ ምሳ ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮዋን በመስኮቱ ለድርቤ ያቀብላል፣ እሷም ሳህኑን ትገፋለታለች። ዝናብ ጥሎ ሥራ በቀረ ቀን ቆርቆሮ አይታደልም። እንዲህ ባለ ቀን አንዳንዱ ከጫማው ውስጥ ቆርቆሮ አውጥቶ ይሰጣት ነበር።

«የሞቀች ቆርቆሮ ያመጣ ሰው፣ ትናንት ምሳውን ሳይበላ ያሳለፈ ነው» ትላለች። «ለእንደዚያ ዓይነቱ ወጥ ጨመር አደርግ ነበር።»

በሰማንያ ሦስት እርሻው ተበተነ። ድርቤ ወደ ነቀምቴ ስትመጣ አንዲት ቆርቆሮ በቀሚሷ ኪስ ቀርታ ነበር። ሻይ ቤቱን ከከፈተች በኋላ ያቺው ቆርቆሮ መልስ ከምትሰጥበት የሳንቲም ጣሳ ውስጥ ገባች። ለብዙ ዓመትም እዚያው ተቀመጠች።

ያወጧት ኦቦ ኢዶሳ ናቸው። ያኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አንድ ሻይ ይጠጡ ነበር። ሳንቲም ይሰበስባሉ። ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠውን የንጉሡን ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከዚያም በፊት የነበረውን ጠገራ ብር ሁሉ ቤታቸው ያስቀምጣሉ። የድርቤንም ጣሳ በፈቃዷ ያገላብጡ ነበር፤ አንድ አሮጌ ሳንቲም ሲያገኙ ሁለት አዲስ ይተኩላታል። በዘጠና ዓመተ ምሕረት አንድ ጠዋት ቆርቆሮዋን አወጡና ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት።

«ይቺስ ከየት አገር መጣች?»

«የእኛው አገር ናት። ምሳ ናት።»

«ምሳ?»

ነገረቻቸው። የሚስቁባት መስሏት ነበር። ኦቦ ኢዶሳ ግን ሻዩን አስቀመጡ። «ድርቤ» አሉ፣ «እኔ የምሰበስበው ሳንቲም ማን እንደገዛ ነው የሚናገረው። ይቺ ግን ማን እንደሠራ ትናገራለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ነገሩ ጎደሎ ነው።»

ስለዚያ መስኮት እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ያን ቃል እንደ ጸሎት ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ ድርቤ መሰብሰብ ጀመረች። የመናኸሪያ ሰው ሁሉ በእሷ ቤት ያልፋል። ቡና የሚለቅሙ ሴቶች አንድ ጆንያ ሲጨርሱ የሚሰጣቸውን ቁራጭ ቆርቆሮ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ቤቱን ባለቁጥር ነሐስ፣ የድሮ ብስክሌት ታርጋ፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኘውን ሜዳሊያ፣ የመዘምራን የኢዮቤልዩ ባጅ ያመጡላት ነበር። አትገዛም። «ገዝቼው የእኔ ከሆነማ ታሪኩን ማን ይነግረኛል?» ትላለች። የምትቀበለው በአደራ ነበር። ማን እንደሰጣት፣ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ በደብተር ትጽፋለች፤ የሰጠው ሰው በፈለገ ቀን መጥቶ ይወስዳል። ደንቧ ይኸው ነበር።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ዕቃዎቿን በብስኩት ጣሳ ይዛ ጨለለቂ ሰፈር ኦቦ ኢዶሳ ቤት ትሄዳለች። ባለ መስታወት ቁምሳጥን ነበራቸው። ሳንቲሞቹን በዘመናቸው ደርድረው፣ የእሷን ዕቃ ከዘመኑ ሳንቲም አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። የምሳዋን ቆርቆሮ ወንድና ሴት እጃቸውን ካነሡበት የስድሳ ዘጠኙ ሃያ አምስት ሳንቲም ጎን አኖሯት። ማታ ድርቤ የራሷን ለቅማ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትመለሳለች። ከሁለት ዓመት በፊት መንገድ ሲሰፋ የቤቷ የፊት ክፍል ፈረሰ፤ የቀረውም ያፈስሳል። ኦቦ ኢዶሳ «ከእንግዲህስ ለምን ታመላልሻቸዋለሽ? ቦታቸው እዚህ ነው» አሏት። ጣሳውን እንዳለ አስረከበቻቸው።

ከዕቃዎቹ አንዱ ቁጥር አርባ አንድ ነበር። የጫኝና አውራጅ ማኅበር የነሐስ ባጅ ነው፤ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ታችኛው ጠርዙ የተጣመመ። የወንድምአገኝ ነበር። ወንድምአገኝ ከወሎ በሰባ ሰባቱ ሠፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ኋላ ወደ ከተማ ወጥቶ መናኸሪያ ሸክም ያዘ። በዚያ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ነጋዴው «አርባ አንድ!» ብሎ ይጠራል፣ እሱ ይመጣል። ሚስቱን አሰፋችንም «የአርባ አንድ ሚስት» ይሏት ነበር። ማኅበሩ ፈርሶ ባጁ በአረንጓዴ ሰደርያ ሲተካ እንኳ እሱ ባጁን አልፈታም። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ሲሞት አሰፋች ባጁን ለድርቤ አመጣችላት። «እኔ ዘንድ ልጆች ይጥሏታል። ሐውልቱን ሳሠራ እወስዳታለሁ» አለቻት፤ ደብተሩም ላይ እንደዚያው ተጻፈ። አሰፋች ከዚያ ወዲህ አርጆ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከአርጆ መኪና ወርዳ ቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ ገባች።

«አንቺዬ፣ አለሽ? ይህ ሁሉ ቤት ሲፈርስ አንቺ ከቦታሽ ንቅንቅ የለም?»

«ሻይ የማይጠጣ መንግሥት እስኪመጣ አለሁ። ተቀመጪ።»

«ሲሚንቶ ተገኘልኝ። አማቼ ነው የላከው። ግንበኛው ጂሩ ቅዳሜ ጠዋት ይሠራዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ።»

«እሰይ። ስድስት ዓመት ጠበቀ እኮ።»

«እና ባጇን ስጪኝ። ስሙን ብቻ ባጽፍ ማን ያውቀዋል? ወንድምአገኝ ደግሞ ማነው ብለው ያልፉታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ራስጌው ላይ እንክተታት ብያለሁ። ያን ጊዜ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ያውቀዋል።»

«ኦቦ ኢዶሳ ቤት ከሳንቲሞቹ ጋር ናት። ለቅዳሜ መቃብሩ ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

አሰፋች ብርጭቆውን አስቀመጠች። «የማን ኢዶሳ?»

«የባንኩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አትስጊ።»

በዚያው ከሰዓት ድርቤ ጨለለቂ ሄደች። ላለፉት ሦስት እሑዶች አልሄደችም ነበር። ኦቦ ኢዶሳ እንግዳ አለብኝ፣ ወገቤን አሞኛል እያሉ በስልክ አስቀርተዋታል። ግቢው ሲከፈት የተፈታ አልጋና የታሰሩ ፍራሾች በረንዳው ላይ ተደርድረው አየች።

«አካም ኦልቴ ድርቤ» አሉ ኦቦ ኢዶሳ። «ግቢ፣ ግቢ። የምትቀመጭበት ግን የለም።»

«ፈያ። ምነው፣ ቤቱ ምን ሆነ?»

«ልጄ ነው። ቡራዩ ና፣ ብቻህን አትሁን ይለኛል። ልነግርሽ ነበር።»

ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። መደርደሪያዎቹ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም የለም፤ ሳንቲሞቹ የነበሩበት ቦታ በአቧራው መካከል ክብ ክብ ሆኖ ቀርቷል።

«ሳንቲሞቹ የት ሄዱ?»

«አንድ የአዲስ አበባ ሰው አለ፣ አሻግሬ የሚባል። ሰብሳቢ ነው። ለልጆቼ ምናቸው ነው? እኔ ስሞት ከሚበተኑ ብዬ…»

«ሸጧቸው።»

«ሸጥኳቸው።»

«የእኔዎቹስ?»

ኦቦ ኢዶሳ የሚቀመጡበት ፈለጉና አንድ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። «ሰውየው ምራቂ ጠየቀኝ» አሉ። «እንደ ገበያ ነው። ይህን ሁሉ ስወስድ ምን ይመርቁልኛል አለ። ቆርቆሮዎቹን አጠገባቸው አያቸው። እምቢ ካልኩት ሳንቲሞቹንም ሊተዋቸው ሆነ። ምን ላድርግ?»

ድርቤ ምራቂ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሽንኩርት ስትገዛ ሻጯ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት ፍሬ ትጨምርላታለች። የሚጨመረውም ከተሰነጠቀው ወይም ከደቀቀው ነው። ለምራቂው ማንም ዋጋ አይጠይቅም።

«ቁጥር አርባ አንድም?»

«ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሄደው።»

«የሰው አደራ ነው፣ ኦቦ ኢዶሳ። ደብተሩን እርስዎም ያውቁታል።»

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ማን መጥቶ ጠየቀሽ?»

«ዛሬ መጣች።»

ለምን እንደመጣች ነገረቻቸው። ኦቦ ኢዶሳ ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት። አሻግሬ የተባለው ሰው ወዲያው አነሣ።

«አቤት አባቴ።»

«ያቺ… ቆርቆሮዎቹ ውስጥ አንዲት ባጅ ነበረች። አርባ አንድ የሚል ያለባት። ባለቤቷ ፈልጋት ነው።»

«ኧረ አባቴ፣ እነሱን እኮ አላስቀመጥኳቸውም። ሁለቱን ሜዳሊያዎች አስቀርቼ ሌላውን መርካቶ በኪሎ ሰጠሁት። ነሐሱ እስካሁን ቀልጧል። እኔ ያኔም ክብደት ነው አልፈልግም ብዬዎት ነበር። እርስዎ ነዎት ቤቱን ላስረክብ ነው፣ ከምጥለው ውሰድልኝ ያሉኝ።»

ኦቦ ኢዶሳ ድምፁን ለመዝጋት ስልኩን መነካካት ጀመሩ፤ መነጽራቸውን ስላላደረጉ ቁልፉ አልገኝ አላቸው። ድርቤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«የኔ ልጅ፣ ምራቂ አልጠየቅክም?»

«ማን ልበል? አይ፣ እናቴ። ምን ያደርግልኛል?»

ስልኩ ተዘጋ። ድርቤ እንደምትለው የባጁ መጥፋት ያኔ ከአእምሮዋ ወጥቶ ነበር።

«ማን እንደሠራ ትናገራለች ያሉኝ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«መቼ?»

«ቆርቆሮዋን ከጣሳው ያወጡ ቀን።»

ኦቦ ኢዶሳ ብዙ አሰቡ። ቃሉን አላስታወሱትም። ነገረቻቸው፤ እንዳሉት አድርጋ፣ አንድም ሳታጎድል።

«ብዬ ይሆናል» አሉ። «ደስ እንዲልሽ ነዋ፣ ድርቤ። ጣሳሽን በየቀኑ እያገላበጥኩ ዝም ማለት ይከብዳል። ኋላ ደግሞ ይህን ሁሉ እየሰበሰብሽ በየሳምንቱ ስትመጪ ምን ልበልሽ? አታምጪ ልበልሽ?»

«ቢሉኝ ይሻል ነበር።»

«ይከፋሻላ።»

ድርቤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እሳቸውም እስከ በሩ ተከተሏት። «ዲሲ፣ ተዪው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታፋ ዘንድ ሂጂ፤ ማኅተም የሚቀርጸው። ነሐስ አለው። አርባ አንድ ያው አርባ አንድ ነው። ሴትየዋ ማንበብ ትችላለች?»

«አትችልም።»

«ታዲያ!»

ጥላቸው ወጣች። ሐሙስ ግን ታፋ ዘንድ ሄደች። ይህን እንዳልተወው ደጋግማ ነግራኛለች። ታፋ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁልፍና ማኅተም የሚሠራ ቀልደኛ ሰው ነው።

«አዴ ድርቤ፣ ለሻይ ቤትሽ ማኅተም ልታሠሪ ነው? ዱቤ የሚጠጡት ይደነግጣሉ።»

«ባጅ ነው። ነሐስ።»

መዳፏን ዘርግታ ስፋቷን አሳየችው። ታፋ ነሐሱን አውጥቶ በጠመኔ ይስል ጀመር። አራት ቁጥሩ ወደየት እንዳዘነበለ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከቁጥሩ በላይ ምን እንደተጻፈ ጠየቃት፤ ነገረችው። መርፌዋ ተነቅላ በኤሌክትሪክ ሽቦ መተካቷን፣ በቀኝ በኩል አውራ ጣት እየዳሰሳት መለስለሷን ሁሉ ነገረችው። ታፋ ቀና ብሎ አያት።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምታያት። ሌላስ?»

«የታች ጠርዟ የተጣመመ ነው። የጨው ጆንያ ከላይ ወድቆባት ነው። ደረቱ ላይ እያለች። የዚያን ቀን ባጇ ባትኖር አጥንቴ ነበር የሚጣመመው ይል ነበር።»

«ችግር የለም» አለ ታፋ፣ መዶሻውን እያነሣ። «እሱንም አጣምምልሻለሁ።»

በቀና ልብ ነው ያለው፤ ስለምን እንደሚሠራው አያውቅም። ድርቤ ግን መዶሻው ነሐሱ ላይ ሳያርፍ እጁን ያዘችው። «ተወው ወንድሜ። አስለፋሁህ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ወርዶ ነበር። መቃብሩ ዘንድ ስትደርስ ጂሩ ሲሚንቶውን አቡክቶ እያለሰለሰ ነው። ራስጌው ላይ በግንበኛ ማንኪያው አንድ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ቦታ አዘጋጅቷል። አሰፋች አዲስ ነጠላ ለብሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ፍጠኚ እንጂ፣ ሊደርቅብን ነው» አለቻት።

«አሰፋች፣ ባጇ የለችም።»

«ረሳሻት?»

«ተሸጣለች። ቀልጣለች። ኢዶሳ ናቸው የሸጡት።» ኦቦ ማለቱን ተወችው።

አሰፋች ወደ ጂሩ አየች፣ ከዚያ ወደ ጎድጓዳው ቦታ፣ ከዚያ ወደ ድርቤ።

«እኔ ለኢዶሳ አልሰጠሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ላንቺ ነው የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። ቤቴ ሲፈርስ…»

«ቤትሽ ሲፈርስ መልእክት ብትልኪብኝ መጥቼ እወስዳት ነበር። አርጆ ሩቅ ነው? በቀን ስንት መኪና ነው የሚመላለሰው፤ ሁሉም ያንቺን ሻይ ጠጥቶ ነው የሚነሣው።»

እውነት ነበር፤ ድርቤ በወቅቱ አላሰበችውም። ዕቃዎቹ የተሻለ ቤት ያገኙ ነው የመሰላት።

ጂሩ ማንኪያውን ይዞ ቆሟል። «ሃዬ፣ ምን ላድርገው? እየደረቀ ነው። ልድፈነው ወይስ በምስማር ቁጥሩን ልጻፍበት?»

«ጻፍበት» አለች አሰፋች።

«እኔ ልጻፈው» አለች ድርቤ። «አጻጻፉን አውቀዋለሁ።»

«አንቺ ተዪ።» አልጮኸችም። «እሱ ይጻፈው።»

ጂሩ ጎድጓዳውን ሞልቶ አለሰለሰውና በምስማር አርባ አንድን ጻፈ። አራቱ ቀጥ ያለ፣ ያላዘነበለ ሆነ። ድርቤ አየችው። ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሦስቱም በላስቲክ ሸፈኑት። የላስቲኩን አንድ ጫፍ ድርቤ ያዘች፤ ያንን አሰፋች አልከለከለቻትም።

ኦቦ ኢዶሳ በሰኔ መጀመሪያ ሄዱ። ምእመናኑ የመሸኛ ምሳ አዘጋጅተውላቸው ስለ ታማኝነታቸው ብዙ ተነገረ ይባላል፤ ድርቤ አልሄደችም፣ ለምን እንደቀረችም ለማንም አልተናገረችም። የሄዱ ዕለት አንድ ጋሪ ባለ መስታወቱን ቁምሳጥን ሻይ ቤቱ በር ላይ አወረደ። «ኦቦ ኢዶሳ ለአዴ ድርቤ ብለዋል» አለ ባለጋሪው። መልሰህ ውሰደው ብትለው ቤቱ ተቆልፏል አላት። አሁን ብርጭቆና ስኳር ይቀመጥበታል። ቁምሳጥን ምን አጠፋ ትላለች።

በደብተሩ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለገች ነግራቸዋለች። ገና ያላገኘቻቸው ስድስት ናቸው። ጡረተኛው አስተማሪ ደብተሩን ተቀብሎ ስሙን ብዙ ጊዜ አነበበውና መለሰላት። ቡና ለቃሚዎቹ ግን ሳቁ። «ያቺ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ነበረች? እኛማ ጥለሻት መስሎን ነበር» አሏት። የሳቁት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተቆጡት የትኞቹ እንደሆኑ ስጠይቃት፣ የሳቁትን ቀድማ ቆጠረችልኝ።

አሰፋች አሁንም ከአርጆ ትመጣለች፤ ሻይም ትጠጣለች፤ ይጨዋወታሉም። ድሮ ወደ ገበያ ስትሄድ ዘንቢሏንና ጃንጥላዋን ባንኮኒው ሥር ትታ ነበር የምትወጣው። አሁን ሻይዋን ስትጨርስ ዘንቢሏን ታነሣለች፤ ያን ሁሉ ዳገት ይዛው ወጥታ፣ ይዛው ትመለሳለች። ድርቤ አንድ ቀን «እዚሁ ብትተዪው ምን ነበረበት፣ ይከብድሻል» ብላት ነበር። አሰፋች «አይከብደኝም» አለች።